ትኩረትን የሚያግዙ ቁሳቁሶች አነዳደፍ

የትኩረት ማነስና ከመጠን ያለፈ ቅብጥብጥነት ችግር (ኤዲኤችዲ) ከአንጎል ዕድገት ጋር የተያያዘ ሁኔታ ነው። በዓለም ዙሪያ ከ100 ልጆች 5 ያህሉ እንዳለባቸው ይገመታል፤ በብዙዎቹም ላይ ካደጉ በኋላ ይቀጥላል። ችግሩ ያለባቸውን ሰዎች በንክኪ፣ በእንቅስቃሴ፣ በክብደትና በድምፅ የሚያግዙ ቁሳቁሶችን መንደፍ የኦኪዩፔሽናል ቴራፒ (ሰዎች የዕለት ተዕለት ተግባራቸውን እንዲያከናውኑ የሚያግዝ ሕክምና)፣ የሥነ ልቦናና የምርት ንድፍ ባለሙያዎችን ያገናኛል።

የሥራው መሠረት ሁለት ሐሳቦች ናቸው። አሜሪካዊቷ የኦኪዩፔሽናል ቴራፒ ባለሙያ ጂን አይረስ አንጎል ከቆዳ፣ ከጡንቻና ከሚዛን ሕዋሳት የሚደርሰውን መልእክት እንዴት እንደሚያዋህድ አጠኑ። ተመራማሪዋ ሲድኒ ዜንታል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1975 ቅብጥብጥነት የጎደለን መነቃቃት መሙያ መንገድ ነው የሚል ሐሳብ አቀረቡ። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ጥናትም ኤዲኤችዲ ያለባቸው ወንዶች ልጆች ይበልጥ ሲንቀሳቀሱ የማስታወስ ፈተናን የተሻለ እንደሠሩ አሳይቷል። ንድፍ አውጪው እንግዲህ እንቅስቃሴን ማፈን ሳይሆን ፈር ማስያዝ ይጠበቅበታል።

ቁሳቁሶቹ በአራት ይከፈላሉ። በእጅ የሚያዙት የሚጨመቁ ኳሶች፣ የሚለወስ ሊጥ መሰል ነገርና ባለ ቁልፍ ኪዩቦች ናቸው። ለመቀመጫ አየር የተሞላ ትራስ ወይም በወንበር እግሮች መካከል የሚወጠር ላስቲክ ይሠራል። የሚከብዱ ብርድ ልብሶችና ሰደርያዎች ሦስተኛው ክፍል ሲሆኑ፣ አንድ ወጥ ሹክሹክታ መሰል ድምፅ የሚያሰሙ መሣሪያዎች አራተኛው ናቸው።

በእጅ ለሚያዝ ዕቃ የጥሩ ንድፍ ዋና መመዘኛ ዕቃው እጅን ይዞ ዓይንንና ሐሳብን ነፃ መተዉ ነው፤ የመቁጠሪያ ፍሬ በጣት እየታለፈ ልብ በጸሎቱ እንደሚቆይ ማለት ነው። ስለዚህ ዕቃው ድምፅ አልባ፣ ሳይታይ በአንድ እጅ የሚሠራ፣ እንቅስቃሴውም ተደጋጋሚ መሆን አለበት። ነጥብ፣ መብራት ወይም እንቆቅልሽ ሲጨመርበት ራሱ ጨዋታ ይሆናል። በቀላሉ የሚታጠብና የማይሰበር መሆኑም ያስፈልጋል። ለአዋቂዎች የሚሠራው በስብሰባ ላይ የማያሳፍር ይሁን። ለትንንሽ ልጆች የሚውጡት ቁራጭና ማግኔት አደገኛ ነው፤ ከባድ ብርድ ልብስም ራሱን ችሎ ሊያወልቀው ለማይችል ሕፃን አይሰጥም።

የምርምር ውጤቱ እንደየዕቃው ይለያያል። እ.ኤ.አ. በ2017 ዓለምን ያዳረሰው በጣት የሚሽከረከር መጫወቻ፣ ፊጄት ስፒነር፣ በክፍል ውስጥ ሲፈተሽ ኤዲኤችዲ ያለባቸውን ትንንሽ ልጆች ትኩረት ቀንሷል፤ የሚሽከረከረው ነገር ዓይንን ይስባልና። በስዊድን ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት ግን ወጥ ድምፅ ኤዲኤችዲ ያለባቸውን ልጆች የማስታወስ ውጤት ሲያሻሽል የሌሎቹን ዝቅ እንዳደረገ አሳይቷል። በዚያው አገር ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ሙከራ ደግሞ ከባድ ብርድ ልብስ እንቅልፍን እንደረዳ ገልጿል። ከባድ ሰደርያ ትኩረትን ስለመጨመሩ የተገኘው ማስረጃ ደካማ ነው።

አንዱን የረዳ ዕቃ ሌላውን ሊያዘናጋ ስለሚችል፣ ተጠቃሚዎቹ ከንድፉ መጀመሪያ አንሥቶ ሊሳተፉ ይገባል፤ የሥራቸው ውጤትም ዕቃው ሲኖርና ሳይኖር ሊነጻጸር ይገባል። ለውጥ ያላመጣ ዕቃ ይነሣ። የሚረዳውም ቢሆን ከሕክምናና ከምክር ጎን የሚቆም አጋዥ እንጂ ምትካቸው አይደለም።