ከአንድ ብልቃጥ ደም ሠላሳ ዓመት

አክስቴ የቡና ሲኒውን ገፋ አደረጉና የላቦራቶሪ ወረቀታቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። ኤልዲኤል ከሚለው ትይዩ 142 ተጽፏል፤ አጠገቡ ወደ ላይ የቆመች ትንሽ ቀስት አለች።

«እስቲ እይልኝ፣ ይቺ ቀስት ምን እያለች ነው?»

ያደረ ወጥ ሲከፍቱ ቅቤው ከላይ ረግቶ ያገኙት የለም? ስብና ውኃ አይዋሐዱም፤ ደም ደግሞ በአብዛኛው ውኃ ነው። ኮሌስትሮል ግን የግድ በደም መጓዝ አለበት፤ ሰውነት ሕዋስም ሆርሞንም የሚሠራበት ነውና። ስለዚህ ስቡ በፕሮቲን ተጠቅልሎ ይሄዳል። ኤልዲኤል የሚባለው ከእነዚህ ጥቅሎች አንዱ ነው። ሲበዛ የደም ቧንቧው ግድግዳ ውስጥ ሰርጎ ይቀራል። ነጭ የደም ሕዋሳት ሊያጸዱ ይመጡና ስቡን ውጠው፣ አብጠው፣ እዚያው ይከማቻሉ። ክምሩ ዓመት ከዓመት ይወፍራል። አንድ ቀን ሲቀደድ ደም ይረጋበትና ቧንቧውን ይደፍነዋል። ልብ ላይ ከሆነ ሃርት አታክ፣ አንጎል ላይ ከሆነ ስትሮክ ነው።

አክስቴን ያስገረማቸው ግን ሌላ ነገር ነው። ብዙ ላቦራቶሪዎች ኤልዲኤልን አይለኩትም፣ ያሰሉታል። ቀመሩን ፍሪድዋልድና ባልደረቦቹ ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። እኛም ደረሰኝ ጀርባ ላይ ሞከርነው፦ ጠቅላላ ኮሌስትሮል 222፣ ሌላው የኮሌስትሮል ጥቅል ኤችዲኤል 50፣ ሌላው የደም ስብ ትራይግሊሰራይድ 150። ትራይግሊሰራይዱን ለ5 ማካፈል፤ 30 ይመጣል። ከ222 ላይ 50ንም 30ንም መቀነስ። 142! «ሳይቀምሱ ይምጡ» የሚሉትም አንድም ለዚህ ነው፤ ምግብ ትራይግሊሰራይዱን ከፍ ያደርግና ሒሳቡን ያዛባዋል። ትራይግሊሰራይድ ከ400 ካለፈ ቀመሩ ጭራሽ አይሠራም።

ከታች ሲአርፒ የሚል ሌላ መስመር ነበር፦ 11። ይህ ፕሮቲን እ.ኤ.አ. በ1930 ኒው ዮርክ ውስጥ በሳምባ ምች ታማሚዎች ደም ውስጥ የተገኘ ነው። ሰውነት የሆነ ቦታ ሲቆጣ ጉበት ያመርተዋል። የጎረቤት ጢስ በሉት፤ ጢሱ ራሱ ቤት አያቃጥልም፣ እሳት እንዳለ ግን ይናገራል። የደም ቧንቧ ግድግዳም ሲቆጣ ጢሱ ቀጭን ነው። ስለዚህ ለልብ ሲባል ጥቃቅኑን መጠን የሚለየው ምርመራ ያስፈልጋል። በእሱ በሊትር ከ1 ሚሊግራም በታች ዝቅተኛ፣ ከ3 በላይ ከፍተኛ ይባላል። ታዲያ 11 ምንድን ነው? አክስቴ ሳምንቱን ሙሉ ሲያስነጥሱ ነበር። ቁጥሩ ከ10 ካለፈ ስለ ልብ ምንም ሳይባል፣ ሕመሙ ካለፈ በኋላ ምርመራው ይደገማል።

ለልብ የሚታየው ሦስተኛው ቁጥር ግን ወረቀቱ ላይ የለም። ላይፖፕሮቲን ኤ ይባላል፤ ኖርዌያዊው ኮሬ በርግ እ.ኤ.አ. በ1963 ያገኘው፣ ጭራ የተቀጠለበት ኤልዲኤል ማለት ነው። መጠኑ ከሞላ ጎደል ከእናት ከአባት የሚወረስ ስለሆነ ቅቤ መተውም ሆነ በእግር መሄድ እምብዛም አይነካውም። ብዙ ሰው በዕድሜው አንዴ ቢለካው ይበቃዋል።

ሦስቱ ቁጥሮች አብረው የተፈተኑበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2024 ወጥቷል። የቦስተኑ ሐኪም ፖል ሪድከርና ባልደረቦቹ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ደማቸው የተቀመጠ 27,939 ጤነኛ አሜሪካውያን ሴቶችን ለሠላሳ ዓመት ተከታተሉ። ደሙ የተለካው አንዴ ብቻ ነው። ሴቶቹ በየቁጥሩ አምስት ቦታ ተከፍለው የላይኛው ቡድን ከታችኛው ጋር ሲነጻጸር፣ የልብና የደም ሥር ሕመም አደጋው በኤልዲኤል 36 በመቶ፣ በላይፖፕሮቲን ኤ 33 በመቶ፣ በሲአርፒ 70 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኘ። እኔ ኤልዲኤል ይበልጣል ብዬ ነበር የምወራረደው። ሦስቱም ከፍ ያሉባቸው፣ ሦስቱም ዝቅ ካሉላቸው ጋር ሲነጻጸሩ፣ አደጋቸው 2.6 እጥፍ ነው።

እጥፍ ሲባል ግን ሰው ይደነግጣል። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ልባቸው ወይም ደም ሥራቸው ክፉኛ የታመመው 3,662 ናቸው፤ ከመቶ 13 ያህሉ ማለት ነው። ደግሞም ሴቶቹ አብዛኞቹ ነጮች፣ ሁሉም የጤና ባለሙያዎች ናቸው። ላይፖፕሮቲን ኤ ደግሞ የአፍሪካ ዘር ባላቸው ሰዎች ላይ በአማካይ ከፍ ይላል፤ ስለዚህ የጥናቱን ሴቶች ቁጥር እንዳለ ወስዶ አክስቴ ላይ መለጠፍ አይሆንም።

«ታዲያ ቅቤውን ልተወው?»

«ቀነስ ያድርጉት። መጀመሪያ ግን ጉንፋኑ ይልቀቅዎትና ሲአርፒው ይደገም። ለመሆኑ ግፊትዎ ስንት ነው? እሱ ሳይታወቅ የቀስቷ ነገር ግማሽ ወሬ ነው።»

አክስቴ ወረቀቱን ገለበጡት፣ ጀርባውንም አዩት።

«እሱንማ አልለኩኝም። ደም ብቻ ወስደው ነው የሸኙኝ።»