ልጆች «ደከመኝ» የማይሉበት የእግር ጉዞ

እሁድ ከሰዓት በኋላ ነው እንበል። አባት «ዛሬስ ልጆቹን ይዘን እንናፈስ» ይላል። እናት ሕፃኑን አዝላ፣ ውኃና ትርፍ ልብስ በፌስታል ይዛ ትወጣለች። አባት እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ከፊት ከፊት ይራመዳል። የአራት ዓመቷ ልጅ መንገድ ዳር ያየችውን ድንጋይ ለማንሣት ስታጎነብስ «ነይ እንጂ! ምን ይጎትትሻል?» ትባላለች። ብዙም ሳይርቁ «ደከመኝ፣ እዘሉኝ» ብላ መሬት ላይ ቁጭ ትላለች። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ቤተሰቡ ተኮራርፎ ይመለሳል። በሚቀጥለው እሁድ ቴሌቪዥኑ ይከፈታል፤ ሽርሽሩም በዚያው ይቀራል።

ውድ ባለትዳሮች፣ ይህ የእናንተን ቤት የሚመስል ከሆነ አትዘኑ። ጥፋቱ የልጅቷ አይደለም። ትልቅ ሰው መንገድ የሚሄደው ለመድረስ ነው፤ ልጅ ግን የሚሄደው ለማየት፣ ለመንካትና ለመጠየቅ ነው። ይህን ልዩነት ከተረዳችሁና ጥቂት ከተዘጋጃችሁ፣ ያው የሰፈራችሁ መንገድ ለልጆቻችሁ ሳምንቱን ሙሉ የሚናፍቁት ቦታ ሊሆን ይችላል።

የእግር ጉዞ ለምን ይጠቅማል?

በከተማ የሚያድጉ ብዙ ልጆች የሚሮጡበት ሰፊ ግቢ የላቸውም። በኪራይ ክፍል ወይም በኮንዶሚኒየም ይኖራሉ፤ ከበር ሲወጡ የሚያገኙት መኪና የሚመላለስበትን መንገድ ነው። ስለዚህ ትርፍ ጊዜያቸውን በቴሌቪዥንና በስልክ ፊት ያሳልፋሉ። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ከ1 እስከ 4 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን ውስጥ ተደማምሮ ቢያንስ 180 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ ይመክራል። እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ሌላ መመሪያ ደግሞ ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉት በቀን በአማካይ ቢያንስ 60 ደቂቃ ልብን የሚያስመታ እንቅስቃሴ እንደሚያስፈልጋቸው ገልጿል። ከ2 እስከ 4 ዓመት ያለ ልጅ በስክሪን ፊት የሚቀመጥበት ጊዜም በቀን ከአንድ ሰዓት ባይበልጥ ይመረጣል።

ከጤናው ሌላ አንድ ትልቅ ጥቅም አለ። ፊት ለፊት ተቀምጦ «ትምህርት ቤት እንዴት ዋልክ?» ሲባል «ደህና» ብቻ ብሎ ዝም የሚል ልጅ፣ ጎን ለጎን ሲራመድ ሳይጠየቅ ያወራል። የሚያስፈራራው ልጅ ማን እንደሆነ፣ የትኛው ትምህርት እንደከበደው፣ ቤት ውስጥ ምን እንዳስከፋው የሚነግራችሁ ብዙ ጊዜ መንገድ ላይ ነው። ልጅ እጃችሁን ይዞ መሄድ የሚወድበት ዕድሜ ደግሞ አጭር ነው፤ ካለፈ አይመለስም።

ርቀቱን በልጁ ልኩ

የጉዞው መሪ የትንሹ ልጅ እግር ነው። አንድ ትልቅ ሰው አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ ከሩብ ሰዓት የማይበልጥ ጊዜ ይበቃዋል። የሦስት ወይም የአራት ዓመት ልጅ ግን ያንኑ መንገድ እየቆመና እየጠየቀ በግማሽ ሰዓት ቢጨርሰው ጎበዝ ነው። ስለሆነም ለመጀመሪያ ጊዜ ስትወጡ ከ20 ደቂቃ የማይበልጥ ጉዞ ምረጡ። የመመለሻውንም መንገድ አትርሱ፤ ልጁ መድከም ከመጀመሩ በፊት መመለስ ጀምሩ።

ሰዓቱም ወሳኝ ነው። የተራበ ወይም እንቅልፉ የመጣ ልጅ በምንም ጨዋታ አይታለልም። ምሳ በልቶ፣ ጥቂት ተኝቶ ከተነሣ በኋላ ይሻላል። እንደ ድሬዳዋ ባሉ ሞቃት ከተሞች ማለዳ ወይም ፀሐይ ስትበርድ ውጡ። በአዲስ አበባ ወደ እንጦጦ የምትወጡ ከሆነ ደግሞ ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 3,000 ሜትር ገደማ ስለሚሆን ልጆች ቶሎ እንደሚያለከልኩና እንደሚበርዳቸው አስቡ፤ ሹራብ ያዙላቸው።

መንገዱን ጨዋታ አድርጉት

ለጨዋታው ምንም መግዛት አያስፈልጋችሁም። የሚያስፈልገው የልጁን ዕድሜ ማወቅ ብቻ ነው።

ከ2 እስከ 3 ዓመት፦ ልጁ ያገኘውን ነገር ይሰብስብ። ትንሽ ዘንቢል ወይም ባዶ ቆርቆሮ ስጡት፤ ቅጠል፣ ላባና ለስላሳ ድንጋይ ይክተትበት። «ቀይ ነገር ማን ያያል?» በሉት። የእግረኛ መንገዱን ንጣፍ መስመር ሳይረግጥ እንዲዘል አድርጉ።

ከ4 እስከ 6 ዓመት፦ ፊደል መቁጠር የጀመረ ልጅ በሱቅና በምግብ ቤት ማስታወቂያዎች ላይ የስሙን ፊደላት ይፈልግ። ስሙን እስኪጨርስ ድረስ ድካም አያስታውስም። ቁጥር የለመደ ደግሞ ባጃጅ፣ አህያ ወይም ሰማያዊ ታክሲ ይቁጠር፤ አባት አንዱን፣ ልጁ ሌላውን ይዘው ማን እንደሚበልጥ መወዳደር ይችላሉ። መኪና በሌለበት ቦታ ልጁን «ዛሬ መሪው አንተ ነህ» በሉትና ከፊት አስቀድሙት። ሲቆም ቁሙ፣ ሲዘል ዝለሉ። ሁልጊዜ የሚታዘዝ ልጅ አንድ ቀን አዛዥ ሲሆን የሚሰማውን ደስታ ፊቱ ላይ ታያላችሁ።

ከ7 እስከ 10 ዓመት፦ ይህ የእንቆቅልሽ ዕድሜ ነው። «እንቆቅልህ» ሲባል «ምን አውቅልህ» ብሎ የሚመልስ ልጅ ዳገቱን ሳያውቀው ይወጣዋል። ለምሳሌ «ስሄድ ይከተለኛል፣ ስቆም ይቆማል፣ ስጠራው አይመልስልኝም» ብላችሁ ጠይቁት፤ መልሱን ከእግሩ ሥር ያገኘዋል፤ ጥላው ነው። ያቃተው «አገር ስጠኝ» ሲባል የሰፈሩን መንገድ ወይም ያለፋችሁበትን ድልድይ ይስጥ። ቤት ስትመለሱ የሄዳችሁበትን መንገድ በወረቀት ላይ ካርታ አድርጎ እንዲስል ጋብዙት።

ከ11 ዓመት በላይ፦ በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ከወላጆቹ ጋር መታየት ሊያሳፍረው ይችላል። መንገዱን ራሱ ይምረጥ፤ ከፈለገም ጓደኛውን ይዞ ይምጣ። ጉዞውን ስለ ፈተና ውጤት መገሠጫ ካደረጋችሁት ግን ለሁለተኛ ጊዜ አብሯችሁ አይወጣም።

የት እንሂድ?

ሩቅ መሄድ ግዴታ አይደለም። ወደ አያት ቤት፣ ወደ ገበያ ወይም ወደ ቤተ እምነት የምትሄዱበት መንገድ፣ ታክሲ ትታችሁ በእግር ብትሄዱበት በቂ ነው። አንድ ዛፍ ምረጡና በየወሩ ጎብኙት፤ አበባው መቼ እንደሚፈካ፣ ቅጠሉ መቼ እንደሚረግፍ ልጆቹ ራሳቸው ይንገሯችሁ። በመስከረም አደይ አበባ የት እንደሚበቅል ቀድሞ ያየ ልጅ ለዓመቱ አሸናፊ ይሁን።

አጋጣሚው ሲኖር ደግሞ ከተማችሁ ያላትን ተጠቀሙ። በአዲስ አበባ የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከልና በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ ከመኪና ርቀው የሚራመዱባቸው ቦታዎች ናቸው። በሐዋሳ አሞራ ገደል ማለዳ ከሄዳችሁ፣ ዓሣ አስጋሪዎች ሲመለሱና አባ ኮዳዎች ትርፍራፊ ለመልቀም ተሰልፈው ሲጠብቁ ልጆች ያያሉ። በባሕር ዳር ጣና ዳር ከደንገል የተሠራች ታንኳ እንዴት እንደማትሰምጥ ጠይቋቸው። በጎንደር ፋሲል ግቢ ውስጥ ደግሞ ከ1632 እስከ 1667 እ.ኤ.አ. የነገሡት ዐፄ ፋሲለደስ በየትኛው በር ይገቡ እንደነበር ይገምቱ። አንዳንዱ ቦታ መግቢያ ስለሚያስከፍል አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ጥንቃቄ የሚያሻቸው ነገሮች

ጨዋታው ልጁን መኪና እንዲረሳ ሊያደርገው ስለሚችል ወላጅ መርሳት የለበትም። ትንንሽ ልጆች የመኪናን ፍጥነትና ርቀት በትክክል መገመት አይችሉም። ስለዚህ፦

- ልጁን ከመኪናው መንገድ በተቃራኒ ባለው ጎናችሁ አድርጋችሁ እጁን ያዙት። የእግረኛ መንገድ በሌለበት ቦታ መኪና ከፊታችሁ ሲመጣ እንድታዩ ግራውን ይዛችሁ ሂዱ።
- መንገድ በዜብራ ላይ ተሻገሩ። ከመሻገራችሁ በፊት ልጁ ራሱ ግራና ቀኝ አይቶ «አሁን» ይበል፤ እናንተም አረጋግጡ።
- ክፍት የውኃ መውረጃ ቦይ ባለበት ሰፈር ልጅ ቀድሟችሁ አይሩጥ።
- የጉሎና የአስተናግር ፍሬ መርዝ ነው፤ በየመንገዱ ዳር ስለሚበቅሉ የተሰበሰበ ነገር ወደ አፍ እንደማይገባ ከቤት ሳትወጡ ተነጋገሩ። ስትመለሱ እጅ በሳሙና ይታጠብ።
- የማታውቁትን ውሻ ልጁ እንዳይነካው አስተምሩት። ውሻ ከነከሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠቡና ሳትዘገዩ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።
- ለመክሰስ ሙዝ፣ ብርቱካን ወይም ዳቦ፣ ለመጠጥ የተጣራ ውኃ ያዙ። ቆሎና ኦቾሎኒ ለትናንሽ ልጆች፣ በተለይ ከ5 ዓመት በታች ላሉት፣ ሊያንቃቸው ስለሚችል እየሄዱ አይብሉ።

የአባትና የእናት ድርሻ

ወደ ጀመርንበት ቤተሰብ እንመለስ። ያ ጉዞ የተበላሸው በልጅቷ ብቻ አልነበረም። እናት ተሸክማ፣ አባት ባዶ እጁን ሲሄድ ጉዞው ለእናት ሽርሽር ሳይሆን ሌላ ሥራ ነበር። አባት ሕፃኑን ቢይዝ ወይም ዕቃውን ቢሸከም፣ እናት ደግሞ እጇ ነፃ ሆኖ ከትልቋ ልጅ ጋር ብትጫወት ሁሉም ሌላ መልክ ይኖረው ነበር። ሕፃን ማዘል የአባትን ክብር አይቀንስም፤ ልጅም የአባቱን ትከሻ አይረሳም።

እዚህ ላይ ልጆችን የማራራቅ ጥቅምም ይታያል። አንዱ ልጅ ሳይራመድ ሌላው ሲደረብ እናት ሁለት ሕፃን ይዛ መውጣት ይከብዳታል፤ ትልቁ ልጅም ገና ሳይጠግብ ከእቅፍ ይወርዳል። የዓለም የጤና ድርጅት አንዲት እናት ከወለደች በኋላ እንደገና ከማርገዟ በፊት ቢያንስ 24 ወር እንዲያልፍ የሚመክረው በዋነኛነት ለእናትና ለልጅ ጤና ነው። ታላቁ ልጅ በራሱ እግር ሲሄድ ታናሹ እቅፍ ሲያገኝ ግን ለሁለቱም የሚደርስ ጊዜና ጉልበት ይኖራል።

ነፍሰ ጡር ለሆነች እናትም፣ ሐኪም ካልከለከላት በቀር፣ ቀስ ያለ የእግር ጉዞ ጥሩ ነው። ልጆቹ ቀደም ብለው ሲጫወቱ ባልና ሚስት ቤት ውስጥ ሳይመቻቸው የቀረውን ጉዳይ ሊያነሡ ይችላሉ፦ ቀጣዩ ልጅ መቼ ይሁን? ስንት ይበቃናል? የትኛው መከላከያ ይስማማናል? የተነጋገራችሁበትን ይዛችሁ ወደ ክሊኒክ ብትመጡ የጤና ባለሙያው ሊረዳችሁ ዝግጁ ነው።

በመጨረሻም፣ ለመጀመር ዓመት በዓል አትጠብቁ። በመጪው እሁድ 20 ደቂቃ ብቻ ውሰዱ። ስልካችሁን ኪሳችሁ ውስጥ አድርጉ፣ ዕቃውን ተካፈሉ፣ ከዚያም ልጁ ድንጋይ ሊያነሣ ሲያጎነብስ «ነይ» ወይም «ና» ከማለት ይልቅ አብራችሁ አጎንብሱና «ምን አገኘህ?» በሉት። መልካም ጉዞ!