ለሐጅ መሄጃው ብቻ ሳይሆን መመለሻውም ይታሰብ

ሐጅ አቅሙ ላለው ሙስሊም በዕድሜው አንድ ጊዜ የተደነገገ ግዴታ ነው። አቅም ሲባል ገንዘብና ጤና ብቻ አይደለም፤ በስደት ለሚኖር ሰው የጉዞ ሰነድም አቅም ነው። በግሮቭ ሲቲም ሆነ በሌላው የኮሎምበስ አካባቢ ያላችሁ ወገኖቻችን ስለ ሳዑዲ ቪዛ ስታስቡ፣ ወደ አሜሪካ ስለምትመለሱበት ወረቀትም አብራችሁ አስቡ።

የአሜሪካ ዜጋ ጣጣው ቀላል ነው፤ ፓስፖርቱ ቢያንስ 6 ወር ይቅረው እንጂ። የኢትዮጵያ ፓስፖርትና ግሪን ካርድ ያለውም በፓስፖርቱ ሄዶ በግሪን ካርዱ ይመለሳል።

ጭንቁ ጥገኝነት ያገኘው ወገናችን ጋ ነው። ከሸሸው መንግሥት ፓስፖርት ቢያወጣ በጥገኝነቱ ላይ ጥያቄ ሊያስነሣበት ይችላል። ለእርሱ የተዘጋጀው የአሜሪካ ኢሚግሬሽን የሚሰጠው የስደተኛ የጉዞ ሰነድ ነው። ማመልከቻው ፎርም አይ-131 ሲሆን፣ ከአገር ሳይወጡ መግባት አለበት። መልሱ ብዙ ወራት ሊወስድ ይችላል።

ሰነዱ የሚያገለግለው 1 ዓመት ብቻ ነው፤ አይታደስም። «6 ወር ይቅረው» የሚለው ደንብ ሲጨመርበት ለቪዛ የሚሆነው የመጀመሪያዎቹን 6 ወራት ነው። ስለዚህ መዘግየት ብቻ ሳይሆን ያለ ጊዜው መቸኮልም ይጎዳል። ሐጅ ደግሞ በየዓመቱ ከ10 እስከ 11 ቀን ይቀድማል፤ የዓረፋ ቀን በ2024 እ.ኤ.አ. ጁን 15፣ በ2025 ጁን 5 ነበር። ሳዑዲ ዓረቢያ የ1951ዱን የስደተኞች ስምምነት አልፈረመችም። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት በዚህ ሰነድ ቪዛ ይሰጥ እንደሆነ ጠይቁ።

የጥገኝነት ጉዳዩ ገና ያልተወሰነለት ሰው የበለጠ ይጠንቀቅ። አስቀድሞ የመመለሻ ፈቃድ ሳይዝ ከወጣ ማመልከቻውን እንደተወው ይቆጠርበታል። ጠበቃ ሳያማክር ሻንጣ አያዘጋጅ።

ከ2023 ጀምሮ ከአሜሪካ የሚነሡ ሐጃጆች የሚመዘገቡት ኑሱክ በተባለው የሳዑዲ መንግሥት መመዝገቢያ ነው። «በጉብኝት ቪዛ አስገባችኋለሁ» የሚላችሁን አትመኑ። በ2024 በከባድ ሙቀት በተካሄደው ሐጅ 1,301 ሰዎች መሞታቸውን የሳዑዲ መንግሥት ገልጿል፤ ከመቶው 83ቱ የሐጅ ፈቃድ ያልነበራቸው ናቸው። ያለ ፈቃድ የሄደ ሰው የተደራጀ ድንኳንና መጓጓዣ አያገኝም።

ስማችሁ በሁሉም ወረቀት ላይ በአንድ ዓይነት ፊደል መጻፉን አረጋግጡ፤ መሐመድ በእንግሊዝኛ በብዙ መንገድ ይጻፋል። የልደት ቀናችሁም ከኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲመለስ እንዳይዛባ። የማጅራት ገትር ክትባትም ሳዑዲ ከመድረሳችሁ ቢያንስ 10 ቀን አስቀድሞ መወሰድ አለበት።

የጅማው ንጉሥ ዳግማዊ አባ ጅፋር ለአገራቸው ሐጃጆች መካ ላይ ማረፊያ ቤት ገዝተው ነበር። እኛ ቤት መግዛት ባንችል፣ እንግሊዝኛ ለማያነቡ እናቶችና አባቶች ፎርም መሙላት አያቅተንም። የምታውቁ ወጣቶች፣ ሐጅ ሊሄዱ የሚያስቡ ጎረቤቶቻችሁን ዛሬውኑ ጠይቁ።