ካይዘሩ የሌለበት የካይዘሩ ካርቱን

ቶማስ ቴዎዶር ሃይነ እ.ኤ.አ. በ1898 በሳለው የመጽሔት ሽፋን ላይ የጀርመኑ ንጉሠ ነገሥት ካይዘር ቪልሄልም 2ኛ የለም። ያለው የራስ ቁሩ ብቻ ነው። ካይዘሩ ያን ሰሞን በታላቅ አጀብ ወደ ኢየሩሳሌም ተጉዞ ነበር። ሃይነ ታዲያ ሁለት የጥንት መስቀል ጦረኞችን አገናኝቶ፣ አንደኛው ጫፈ ሹሉን ቁር ይዞ ሌላው ሲስቅ አሳየ። እኔም ለጋዜጣ ካርቱን ስስል ይህን ሥዕል ከጠረጴዛዬ ፊት አላነሣውም፤ ባለሥልጣንን ለመንቀፍ ፊቱን መሳል የግድ እንዳልሆነ ያየሁት በእሱ ነው።

ሽፋኑ የሙኒኩ ሳምንታዊ ምፀተኛ መጽሔት የ«ሲምፕሊሲሲሙስ» ነበር። መጽሔቱ ይታተም የነበረው ላይፕሲግ ስለነበር ካይዘሩን በመዝለፍ የቀረበው ክስ እዚያ ተመሠረተ። ሃይነ በኮኒግሽታይን ምሽግ የ6 ወር እስራት ተፈረደበት። በዚያው እትም ግጥም የጻፈው ፍራንክ ቬደኪንድም ታሰረ፤ አሳታሚው አልበርት ላንገን ግን አገር ጥሎ ሸሸ፣ ዓመታትም በስደት ቆየ።

ስለ ሥዕሎቹ መስመር ብዙ የምለው አለኝ። በዘመኑ በብዕር የተሠራ ሥዕል ፎቶ ተነሥቶ ወደ ዚንክ ሰሌዳ ይገለበጣል። አሲዱ መስመር ያላረፈበትን ብረት ይበላና መስመሩ ብቻ ከፍ ብሎ ይቀራል፤ ቀለም የሚይዘውም እሱ ነው። ስለዚህ ጥቁር አለ፣ ነጭ አለ፣ ግራጫ የለም። ጥላ የፈለገ ሠዓሊ ጭረት በጭረት ላይ ይደረድራል። ሃይነ ግን ወፍራም ዙሪያ መስመር አስምሮ ውስጡን በወጥ ቀለም መሙላት ይወድ ነበር። በ1902 ከኖርዌይ ወደ መጽሔቱ የመጣው ሠዓሊ ኦላፍ ጉልብራንሰን ደግሞ ከእሱም በላይ ቆጣቢ ነው፦ አንድ ቀጭን መስመር ከግንባር ተነሥቶ በአፍንጫ ይወርዳል፣ አገጭ ላይ ይታጠፋል፣ ሰውየው አለቀ። የመኮንኑ የተነፋ ደረት ወይም የከበርቴው ቦርጭ እንዲህ ብቻውን ነጭ ወረቀት ላይ ሲቀር መደበቂያ ያጣል። ነቀፌታው ያለው ከሥዕሉ ሥር ከተጻፈው ቃል ይልቅ እዚህ ነው ብዬ አምናለሁ።

የሚያመኝም ነገር አለ። በ1914 የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲነሣ መጽሔቱ ከመንግሥት ጎን ተሰለፈ፤ ያው የሰላ መስመር የጠላት አገሮችን መዝለፊያ ሆነ። በ1933 ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ አይሁዳዊው ሃይነ ከጀርመን ተሰደደ። ጉልብራንሰን እዚያው ቀረ፤ በዚያው ዓመት በደራሲው ቶማስ ማን ላይ በወጣው የተቃውሞ መግለጫም ስሙን አኖረ። ቶማስ ማን ግን በወጣትነቱ እዚያው «ሲምፕሊሲሲሙስ» ውስጥ በአዘጋጅነት ሠርቶ ነበር።