ከዝምታ ወደ ነገራ፦ የቅኔ ቤት ልማድ በሥነ ግጥም ክፍል

የዩኒቨርሲቲ መምህራን ስንገናኝ ከሚያወያዩን ጉዳዮች አንዱ የተማሪው ዝምታ ነው። «አያነብም፤ አይጠይቅም፤ ማስታወሻ ብቻ ይገለብጣል» እንላለን። እኔም ሰምና ወርቅን ሳስተምር ለዓመታት ይህንኑ ስል ኖሬአለሁ። አንድ ጊዜ ግን ፈተና ሳርም የሰጠሁት ብያኔ ቃል በቃል ተመልሶልኝ አየሁ። ብያኔውን የጻፉት ተማሪዎች በክፍል ያላየነውን ግጥም መፍታት አልቻሉም። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ራሴን የጠየቅሁት ያን ጊዜ ነው። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማም ያገኘሁትን መልስ ማካፈል ነው።

እንደሚታወቀው የቅኔ ተማሪ ስለ ቅኔ ሲሰማ ብቻ አይውልም። መምህሩ ቅኔ ዘርፎ ምሥጢሩንና አገባቡን ያሳየዋል፤ እርሱም ለብቻው ሲቆጥር ይቆይና ለመምህሩ ወይም ለአስነጋሪው ይነግራል፤ ይታረማል። ጀማሪው የሚነሣው ሁለት ቤት ካላት ጉባኤ ቃና ነው፤ ስምንት ቤት ያለው መወድስ የሚመጣው በኋላ ነው። ስለዚህ ዕለት በዕለት የሚችለውን እየሠራ ችሎታው ሲያድግ ራሱ ያያል። አሜሪካውያኑ የሥነ ልቡና ምሁራን ኤድዋርድ ዴሲና ሪቻርድ ራያን በ1985 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ ከውስጥ የሚነሣን ፍላጎት ከመቻል ስሜትና በራስ ፈቃድ ከመሥራት ጋር ያያይዙታል። የመጀመሪያውን ቅኔ ቤት በአሠራሩ ያውቀዋል።

ይህን ይዤ ብያኔውን ወደ ኋላ አቆየሁት። «ገና» የምትለዋን ቃል ሰሌዳ ላይ ጽፌ፣ ሁለት ፍቺ ያለው ንግግር እንዲሠሩባትና ለጎረቤታቸው እንዲነግሩ ጠየቅሁ። መንፈቁን ሙሉ ድምፁን ያልሰማሁት አንድ ተማሪ እንዲህ አነበበ፦ «አገርህ የምትገባው መቼ ነው? ቢሉት፣ ገና ነው አለ።» ገሚሱ በዓሉን ሰማ፤ ገሚሱ አለመድረሱን ሰማ፤ ክርክር ተነሣ። «አንድ ቃል ሁለቱንም ከተሸከመ ሰምና ወርቅ ይባላል ወይስ ኅብር?» የሚለው ጥያቄ የመጣው ከእነርሱው ነው። ብያኔውን የሰጠሁት ከዚያ በኋላ ነበር።

ይሁን እንጂ ልዩነቱ መዘንጋት የለበትም። የቅኔ ተማሪ ብዙውን ጊዜ ወዶ መምህር ፍለጋ የተሰደደ ነው፤ የእኛው ባልመረጠው የትምህርት ክፍል ተመድቦ ሊሆን ይችላል። ስልሳ ተማሪ ባለበት ክፍልም መምህሩ የሁሉን መስማት አይችልም። ጎረቤትን አስነጋሪ ማድረግ ሁለተኛውን ችግር ያቃልላል፤ የመጀመሪያውን አይፈታም። ያም ሆኖ ዝምታውን ስንፍና ከማለታችን በፊት የሚነግረው ነገር ሰጥተነው እንደሆነ ራሳችንን ልንጠይቅ ይገባል እላለሁ።