ለቆዳ የሚስማማ ፋውንዴሽን እንዴት ይመረጣል?

የሠርግ ፎቶግራፍ በሚታይበት ቤት አንድ ትዝብት ብዙ ጊዜ አይጠፋም። የሙሽራዋ አንገትና እጅ የተፈጥሮ ጠይምነታቸውን እንደያዙ፣ ፊቷ ብቻ ነጥቶ፣ አንዳንዴም አመድ መስሎ ይታያል። ጥፋቱ ሁልጊዜ የፎቶግራፍ አንሺው ወይም የምርቱ ርካሽነት አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ የተቀባው ፋውንዴሽን ከቆዳዋ ጋር ስላልተስማማ ነው።

ፋውንዴሽን ከሌሎች የፊት ሜካፖች አስቀድሞ የሚቀባ፣ የቆዳን ቀለም አንድ ወጥ የሚያደርግ መዋቢያ ነው። ተግባሩ ማዲያትን፣ የብጉር ጠባሳንና በዓይን ሥር የሚታይ ጥቁረትን ማለዘብ እንጂ ፊትን ማቅላት አይደለም። በመሆኑም ምርጫው ሁለት ጥያቄዎችን ይከተላል፤ ቆዳው ምን ዓይነት ነው? ቀለሙስ የትኛው ነው?

የቆዳን ዓይነት ለመለየት ውድ ምርመራ አያስፈልግም። ፊትን በለስላሳ ሳሙና ታጥቦ፣ ምንም ሳይቀቡ አንድ ሰዓት ያህል መቆየት በቂ ነው። ከዚያ በኋላ ፊቱ ሁሉ ካብለጨለጨ ቆዳው ወዛም ነው፤ ከተወጠረ ወይም ከተሰነጣጠቀ ደረቅ ነው። ግንባር፣ አፍንጫና አገጭ ወዝተው ጉንጭ ደረቅ ከሆነ ደግሞ ድብልቅ ይባላል።

ለወዛም ቆዳ ዘይት የሌለበት፣ የማያብለጨልጭና የቆዳ ቀዳዳን የማይደፍን መሆኑ የተገለጸ ፈሳሽ ወይም የዱቄት ፋውንዴሽን ይመረጣል። ለደረቅ ቆዳ እርጥበት የሚሰጥ ፈሳሽ ወይም ክሬም ይስማማል፤ ዱቄት በደረቅ ቆዳ ላይ ቅርፊቱንና የፊት መስመሮችን አጉልቶ ያሳያል። ድብልቅ ቆዳ ያላት ሴት ቀለል ያለ ፈሳሽ ተቀብታ፣ ፓውደሩን በሚወዛው ክፍል ላይ ብቻ ብታደርግ ይበቃታል። ቶሎ የሚቆጣ ቆዳ ያላቸው ደግሞ ሽቶ የሌለበትን መምረጥ፣ ፊታቸውን ከመቀባታቸው በፊትም በክንዳቸው የውስጥ ክፍል ላይ ለጥቂት ቀናት ቢሞክሩት ይመከራል። ማሳከክ ወይም ሽፍታ ከታየ ምርቱን መተው ይገባል።

ሁለተኛው ጥያቄ የቀለም ነው። ቀይ፣ ቀይ ዳማ፣ ጠይም ወይም ጥቁር ማለት ብቻውን አይበቃም፤ ሁለት ጠይም ሴቶች አንዷ ወደ ቢጫ፣ ሌላዋ ወደ ቀይ የምታደላ ልትሆን ትችላለች። ይህ ከቆዳው ሥር ያለ ቃና ካልተጠበቀ፣ የቀለሙ ድምቀት ቢገጥም እንኳ ፊቱ አመድ ይመስላል። በእጅ ጀርባ ላይ መሞከር የተለመደ ቢሆንም ያሳስታል፤ የእጅና የፊት ቀለም አንድ ላይሆን ይችላልና። የሚሻለው ሦስት ተቀራራቢ ቀለሞችን ከመንጋጋ ወደ አንገት በመስመር ቀብቶ፣ ከሱቁ መብራት ወጥቶ በቀን ብርሃን መመልከት ነው። ተስማሚው ቀለም ሲፈለግ የሚጠፋው ነው። አንዳንድ ፋውንዴሽን አየር ሲያገኝ ስለሚጠቁር፣ ከመግዛት በፊት ጥቂት ደቂቃዎች መጠበቅ ያዋጣል።

ለጠቆረ ቆዳ የሚስማማ ቀለም ማጣት ለረጅም ዘመን የብዙ አገር ሴቶች ችግር ነበር። ኢትዮጵያዊቷ ሞዴል ሊያ ከበደ እ.ኤ.አ በ2003 የኤስቴ ላውደር መዋቢያዎች ገጽታ ሆና ስትመረጥ፣ በኩባንያው ታሪክ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ነበረች። እ.ኤ.አ በ2017 ደግሞ የድምፃዊት ሪሃና ኩባንያ ፌንቲ ቢዩቲ በአንድ ጊዜ 40 ዓይነት የፋውንዴሽን ቀለሞችን ለገበያ ማቅረቡ፣ ሌሎች አምራቾችም ምርጫቸውን እንዲያሰፉ ገፋፍቷል። በአቅራቢያ ሱቅ ትክክለኛው ቀለም ሲጠፋ፣ አንዱን ደማቅና ሌላውን ጠቆር ያለ ቀላቅሎ ማስማማት ይቻላል፤ የሚደባለቁት ግን ሁለቱም በውኃ ወይም ሁለቱም በዘይት የተሠሩ ሊሆኑ ይገባል።

አቀባቡም የራሱ ሥርዓት አለው። ፊት ታጥቦ እርጥበት ሰጪ ክሬም ይቀባል፤ ክሬሙ እስኪሰርግም ጥቂት ደቂቃ ይጠበቃል። ቀን ከሆነ የፀሐይ መከላከያ ይከተላል። ብዙዎች በፋውንዴሽኑ ላይ የተጻፈው የፀሐይ መከላከያ ቁጥር ይበቃል ብለው ያስባሉ። ነገር ግን ቁጥሩ የተለካው በአንድ ስኩዌር ሴንቲ ሜትር ቆዳ ላይ 2 ሚሊ ግራም ሲቀባ ነው፤ ፋውንዴሽን ደግሞ ከዚያ እጅግ ሳስቶ ይቀባል። የፀሐይ ጨረር በሚበረታበት ደጋማ አገር ይህ ሊዘነጋ አይገባም።

ፋውንዴሽኑ በትንሹ ተወስዶ ከፊት መሐል ወደ ዳር ይሰራጫል። በረጠበ ስፖንጅ መታ መታ ማድረግ ከማሸት ይሻላል፤ ማሸት ከሥር ያለውን ክሬም ያነሳዋል። ጠባሳና ማዲያት ባለበት ቦታ ብቻ ተደግሞ፣ ጠርዙ በመንጋጋ ሥር ወደ አንገት ይዋሐዳል። ለፎቶግራፍ ፕሮግራም ደግሞ አስቀድሞ በፍላሽ አንድ ፎቶ ማንሳት ይጠቅማል፤ ዚንክ ኦክሳይድ ወይም ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ የበዛባቸው ምርቶች የፍላሽ ብርሃንን መልሰው ፊትን ያነጣሉና።

ንጽሕና ከውበት አይለይም። አንድ ስፖንጅ ለብዙ ሰው የሚውል ከሆነ የቆዳና የዓይን ኢንፌክሽን ያስተላልፋል፤ ስለዚህ ወደ ውበት ሳሎን የሚሄዱ የራሳቸውን ስፖንጅና ብሩሽ ቢይዙ መልካም ነው። ሽታው ወይም መልኩ የተለወጠ ምርት ይጣላል፤ ማታ ከመተኛት በፊትም ሜካፑ ሙሉ በሙሉ ይታጠባል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበው፣ የፋውንዴሽኑን ቀለም ከቆዳ ጋር በማስማማት ፈንታ ቆዳውን ራሱን ለማቅላት መሞከር ነው። በአንዳንድ የቆዳ ማቅያ ሳሙናዎችና ክሬሞች ውስጥ የሚገኘው ሜርኩሪ ኩላሊትን እንደሚጎዳ የዓለም ጤና ድርጅት ያስጠነቅቃል። ፋውንዴሽን ማታ በውኃ ይለቃል፤ በሜርኩሪ የተጎዳ ኩላሊት ግን ታጥቦ አይመለስም። ማዲያት ወይም ብጉር የጸናባት ሴት ከሱቅ መደርደሪያ ይልቅ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ብትሄድ ይሻላታል። ፋውንዴሽንም በደንብ ተመረጠ የሚባለው፣ የሚያያት ሰው የተቀባችውን ሳይሆን እርሷን ራሷን ሲያይ ነው።