በአቦል የተቀባ ካርድ

ለትዳር ጓደኛችሁ በገዛ እጃችሁ ጽፋችሁ የሰጣችሁት የመጨረሻው ነገር ምንድን ነው? የአስቤዛ ዝርዝር አይቆጠርም። «ስትመጣ ዘይት እንዳትረሳ» የሚለው የስልክ መልእክትም አይቆጠርም። ብዙዎቻችን መልሱን ለማግኘት እስከ እጮኝነት ዘመናችን መመለስ ሳይኖርብን አይቀርም። ያኔ ደብዳቤ ነበር፤ ፖስት ካርድ ነበር፤ በመጽሐፍ መካከል ተሸጉጦ የሚሰጥ ቁራጭ ወረቀትም ነበር። ከሠርጉ በኋላ ግን «በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖርን ምን እንጻጻፋለን?» ተባለና ነገሩ ቀረ።

ካርዱም ራሱ ከመንገድ ጠፍቷል። ከሃያ ዓመት በፊት እንቁጣጣሽና ገና ሲቃረቡ በአዲስ አበባ ፒያሳና በዋናው ፖስታ ቤት አካባቢ የእግረኛው መንገድ በፖስት ካርድ ይሞላ ነበር። ሲከፈት በባትሪ ዜማ የሚያሰማው ሳይቀር ይሸጥ ነበር። ዛሬ ያንን ሥራ ስልክ ተረክቦታል። አንዱ ሥዕል በአንድ ጊዜ ለመቶ ሰው ይላካል፤ ተቀባዩም በቅጡ ሳያየው ለሌላ መቶ ሰው ያስተላልፈዋል።

በዚህ ጽሑፍ የምንጋብዛችሁ አንድ ምሽት ወስዳችሁ በእጃችሁ ካርድ እንድትሠሩ ነው። ባልና ሚስት ሆናችሁ፣ ልጆች ካሏችሁም ከልጆቻችሁ ጋር። የሚያስፈልጉት ቀለም፣ ቅርጽ ማውጫና ማኅተም ናቸው። አብዛኛው ነገር ከወጥ ቤታችሁ ይገኛል።

በእጅ የተሠራ ካርድ ለእኛ እንግዳ አይደለም። መስከረም 1 ቀን ማለዳ በራችሁን የሚያንኳኩትን ወንዶች ልጆች አስታውሱ። ሴቶቹ አደይ አበባና ቄጠማ ይዘው አበባየሆሽ ሲሉ፣ ወንዶቹ በውሃ ቀለም የሳሉትን ፀሐይ፣ አበባ፣ ወፍ ወይም መልአክ ይዘው ይመጣሉ፤ ሥዕሉን ሰጥተው ሳንቲም ይቀበላሉ። ያ ልጅ ለሰፈሩ የሚበቃ ሥዕል ለማዘጋጀት በጳጉሜን አንዱን አበባ ከሌላው ላይ እየገለበጠ ሲሥል ይሰነብታል። አሁን አሁን በፎቶ ኮፒ የተባዛውና የታተመው በዝቷል። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ብታዩ ልዩነቱን የሚያስረዳችሁ ሰው አያስፈልግም።

የፈረንጆቹም ታሪክ ከዚህ ብዙ አይርቅም። እንግሊዛዊው ሄንሪ ኮል እ.ኤ.አ. በ1843 የገና ሰሞን መልስ የሚሹ ደብዳቤዎች በዙበትና ሠዓሊ አሥሎ አንድ ሺህ ያህል ካርድ አሳተመ። ለሽያጭ የቀረበ የመጀመሪያው የገና ካርድ የሚባለው ይህ ነው። ልብ በሉ፤ የታተመ ካርድ የተወለደው ሰው ከመጻፍ እንዲድን ነበር! ከጥቂት ዓመታት በኋላ አሜሪካዊቷ አስቴር ሃውላንድ ከእንግሊዝ የመጣ የፍቅር ካርድ አይታ፣ እርሷም ከዳንቴል ወረቀት፣ ከሥዕል ቁራጭና ከሪባን እየቀጣጠለች መሥራት ያዘች። ትእዛዝ ሲበዛባት ጓደኞቿን በቤቷ ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀምጣ አንዷ እየቆረጠች፣ ሌላዋ እየለጠፈች ሥራውን አካሄደችው። የብዙዎችን ፍቅር በወረቀት ያስተላለፈችው ሴት ግን ሳታገባ መኖሯ ይነገራል።

ከወጥ ቤትና ከገበያ

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ለምሳሌ ከሚሴን ወስደናል። ከሚሴ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ 325 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ናት። የአካባቢው ሕዝብ በአብዛኛው ሙስሊም ነው፤ ከብዙ ቤትም ዐረብ አገር የሄደ ሰው አለ። ካርድ የሚያደርሰው ብዙ ነገር ያለበት ስፍራ ነው ማለት ነው፤ ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ እንመጣበታለን። ደግሞም በከሚሴ ገበያ በሚገኝ ዕቃ የተሠራ ካርድ በየትኛውም ከተማ ሊሠራ ይችላል።

ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር ወፍራም ነጭ ወረቀት፣ ኮላ፣ ላጲስና ምላጭ ግዙ። ከልብስ ሰፊው ደጃፍ የጥለትና የጨርቅ ቁርጥራጭ ለምኑ። ከገበያ ደግሞ አለላ ፈልጉ፤ ለመሶብና ለሰፌድ ስፌት የሚውለው ባለቀለም ሣር ማለታችን ነው። በየመልኩ ቆራርጣችሁ ካርድ ላይ ብትለጥፉት ከማንኛውም የሱቅ ጌጥ ይበልጣል። በዞኑ ሁለት የታወቁ ገበያዎች አሉ። ሰንበቴ፣ ስሟም ሰንበትን እንደሚያስታውስ፣ የምትገበየው እሑድ ነው። ስለዚህ ከጉባኤ መቅረት የማትፈልጉ ባቲን ምረጡ። በኮምቦልቻ በኩል ዞር ማለት ቢኖርባችሁም የባቲ ገበያ ሰኞ ነው፤ አፋሩም ኦሮሞውም አማራውም የሚገናኝበት ትልቅ ገበያ ስለሆነ መንገዱ አያስቆጭም።

ቀለሙ ግን ከጀበናችሁ ይቀዳል። ቡና ስታፈሉ ከአቦሉ፣ ከቶናውና ከበረካው ጥቂት ጥቂት በየሲኒው አስቀሩ። አተላው በደንብ ይዝቀጥ። በበረካው ተራራውን፣ ሰማዩን፣ የሩቁን ነገር ቀቡ። ሲደርቅ በቶናው መካከሉን፣ በመጨረሻም በአቦሉ ዛፉን ወይም ጀበናውን ቀቡ። ይበልጥ እንዲጠቁር ከፈለጋችሁ አቦሉን በትንሽ ድስት አፍልታችሁ አወፍሩት። ከሚሴ ሞቃት ስለሆነች ቀለሙ ቶሎ ይደርቃል፤ በደጋ ያላችሁ ግን ትዕግሥት ያስፈልጋችኋል። ወረቀቱ ከታጠፈ ሙሉ በሙሉ ከደረቀ በኋላ በከባድ መጽሐፍ ሥር ይደር።

ቢጫ ከፈለጋችሁ እርድ በውሃ በጥብጡ፤ ለአደይ አበባ የሚሆን ነው። በደረቀው ቢጫ ላይ ደግሞ ከአመድ የተጠለለ ውሃ በቀጭን እንጨት ነክታችሁ ጻፉበት፤ የነካው ሁሉ ወዲያው ወደ ቀይ ቡናማ ይለወጣል። ልጆች ይህንን ካዩ ሌላውን ሥራ ሁሉ ስለሚተዉት በመጨረሻ አሳዩአቸው። የእርድ ቢጫ ፀሐይ ሲያገኘው ይደበዝዛል፤ ስለዚህ ከካርዱ ውስጠኛ ገጽ ላይ ቢሆን ይመረጣል። ቀይ ሥርን አንመክርም። እርጥብ እያለ ልብ ይማርካል፤ ሰንበት ሲል ግን ይቆሽሻል።

ጀበናው እጀታ አለው

አንድ ካርድ ብቻ ከሆነ የምትሠሩት እጃችሁ ይበቃል። አሥር ወይም መቶ ከሆነ ግን ቅርጽ ማውጫ፣ በተለምዶ ስቴንስል የሚባለው፣ ግድ ይላል። መምህራን የነበራችሁ ስቴንስል ሲባል የፈተና ማባዣው ትዝ ይላችሁ ይሆናል። ይህም የዚያው ዘመድ ነው፤ የተቀደደው ቀለም ያሳልፋል፣ ያልተቀደደው ይከለክላል።

ለዚህ ሥራ በየቤቱ ተቀምጦ ከሚገኝ አሮጌ የራጅ ፊልም የተሻለ ነገር አላየንም። ቀጭን ነው፣ አይቀደድም፣ ታጥቦ ደጋግሞ ያገለግላል። በበረኪና ብትዘፈዝፉት ጥቁሩ ይለቅና ብርሃን የሚያሳልፍ ይሆናል፤ ከሥሩ ሥዕል አድርጋችሁ መስመሩን መከተል ትችላላችሁ። በረኪናውን ግን ከልጆች አርቁ፤ ምላጩንም እንዲሁ።

ለመጀመሪያ ሥራ ጀበና ምረጡ። እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውሉ፤ በእጀታውና በሆዱ መካከል ክፍት ቦታ አለ። ዙሪያውን ከቆረጣችሁት ያ ቁራጭ ተለይቶ ይወድቅና እጀታ የሌለው ጀበና ይወጣላችኋል። ስለዚህ ያንን ቁራጭ ከውጪው ፊልም ጋር የሚያያይዝ ቀጭን ድልድይ ሳትቆርጡ ተዉ። በፊደልም እንዲሁ ነው። «ሰላም» ለመቁረጥ ቀላል ቃል ነው፤ ሰ እና ላ ክፍት ናቸው፣ ድልድይ የምትፈልገው ም ብቻ ናት። «ፍቅር» ላይ ደግሞ ቅን ተጠንቀቁ።

ቀለሙን የምታስገቡት ከፍራሽ በተቆረጠ ስፖንጅ ነው። ስፖንጁን ቀለም ካስነካችሁ በኋላ በአሮጌ ጋዜጣ ላይ ጠቅ ጠቅ አድርጉት፤ ደረቅ እስኪመስል ድረስ። ከዚያ ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ መታ መታ ማድረግ ነው፤ ወደ ጎን ካሻችሁት ቀለሙ ከፊልሙ ሥር ገብቶ ቅርጹን ያበላሸዋል። ቡና ለዚህ ይቀጥናል፤ የተማሪ የውሃ ቀለም ከትንሽ ኮላ ጋር ቀላቅላችሁ ተጠቀሙ።

ማኅተሙን ከድንች ወይም ከላጲስ ትቀርጻላችሁ። ድንቹን ለሁለት ክፈሉ፣ ፊቱን በጨርቅ አድርቁ፣ የማትፈልጉትን ክፍል በቢላዋ ጥፍር ያህል ጥልቀት አንሡ። ድንች ከአንድ ቀን አያልፍም፤ ላጲስ ግን ዓመታት ያገለግላል። ለሁለት የተከፈለ ቃሪያም ሳይቀረጽ የራሱን አበባ ያትማል። ፊደል መቅረጽ ከፈለጋችሁ ገልብጣችሁ ቅረጹ፤ አለዚያ ላ ስትታተም ሎ ሆና ትወጣለች።

ለሠርግ የምትዘጋጁ እጮኛሞች ይህንን ክፍል ደግማችሁ አንብቡ። 300 የጥሪ ካርድ በስቴንስል፣ በአንድ ማኅተምና በአለላ ብትሠሩ፣ ለእያንዳንዱ 4 ደቂቃ ቢወስድባችሁ 20 ሰዓት ነው። ለሁለት ስትካፈሉት 10፣ በቀን ሁለት ሁለት ሰዓት ከሠራችሁ አምስት ምሽት ማለት ነው። የጥሪውን ጽሑፍ በቀጭን ወረቀት አባዝታችሁ ከውስጥ ለጥፉት። የምትቆጥቡት ገንዘብ አለ። እኛ ግን የምንወደው ሌላውን ጥቅሙን ነው፤ በአምስቱ ምሽት ማን ቸኩሎ እንደሚያበላሽ፣ ማን ሌላው ሲያበላሽ ዝም እንደሚል፣ ማን እየሳቀ አዲስ ወረቀት እንደሚያቀብል ታያላችሁ። ይህንን ከሠርጉ በፊት ማወቅ አይከፋም።

ሥጋው ባይሻገርም

ወደ ከሚሴ እንመለስ። ሙስሊሙ ክርስቲያን ያረደውን፣ ክርስቲያኑም ሙስሊም ያረደውን አለመብላቱ የቆየ ልማድ ነው። በዚህ ምክንያት በበዓል ቀን፣ ጎረቤትነቱ በሚበረታበት በዚያው ቀን፣ ከማዕዱ ዋናው ነገር ከደጅ ወደ ደጅ አይሻገርም። ቡናው ይሻገራል፣ ዳቦው ይሻገራል። ካርድም ይሻገራል፤ «በማን ቢላዋ?» የሚል ጥያቄ አያስነሣም።

ለኢድ ወይም ለአረፋ የምትሠሩት ካርድ ላይ የሰውና የእንስሳ መልክ አትሣሉ፤ አበባ፣ ጨረቃ፣ በአለላ የተሠራ የሰፌድ ጌጥ ይበቃል። ቀኑን አታትሙበት፤ በዓሉ ጨረቃ ታይታ የሚወሰን ነው፣ በየዓመቱም 11 ቀን ያህል ወደ ፊት ይቀድማል። በብዙ ቤት የሚነገረው ኦሮምኛ ስለሆነ መልካም ምኞታችሁን በሁለቱም ቋንቋ ጻፉ፤ በኦሮምኛ የሚማር የሰፈር ልጅ አጻጻፉን ያርምላችኋል። ሌላም አለ። አንዳንዶቻችን አጋጣሚውን በመጠቀም በካርዱ ውስጥ ስብከት መጨመር ያምረናል። አታድርጉት። የእንኳን አደረሳችሁ ካርድ ትራክት አይደለም፤ ሰውየው በበዓሉ ቀን በሩን ከፍቶ የተቀበላችሁ እንደ ጎረቤት ነው።

ውስጡስ?

ከሁሉ የሚከብደው ባዶው ውስጠኛ ገጽ ነው። ብዙ ጊዜ የምናደርገውን እናውቃለን፤ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅስ እንጽፍና ከሥሩ ስማችንን እንፈርማለን። ቃሉን እናከብራለን። ነገር ግን ባል ለሚስቱ ከጥቅስ ሌላ የሚጽፈው ካጣ፣ ከጥቅሱ ጀርባ ተደብቋል ማለት ነው። የትዳር ጓደኛችሁ ጥቅሱን ታውቀዋለች፤ የማታውቀው እናንተ ምን እንዳያችሁ ነው።

«እወድሻለሁ» ማለት አንደበታችሁን የሚይዛችሁ ወንዶች አላችሁ። ግድ የለም፤ አንድ ያያችሁትን ነገር ብቻ ጻፉ። «ልጁ የታመመ ሌሊት እኔ ስተኛ አንቺ ቆመሽ እንዳነጋሽ አይቻለሁ።» «ደመወዝ ባልነበረኝ ወራት ለእናትሽ አልነገርሽም።» ሚስቶችም እንዲሁ፤ «ከሥራ ስትመጣ ደክሞህ ሳለ ውሃ እንደቀዳህልኝ አልረሳሁም።» እንዲህ ያለው ዓረፍተ ነገር ከየትኛውም መደብር አይገዛም፤ ለሌላ መቶ ሰውም አይተላለፍም። መጀመሪያ በሌላ ወረቀት ሞክሩት። እጃችሁ ከተንቀጠቀጠ ይንቀጥቀጥ፤ ጽሑፉን ለሌላ ባለ መልካም እጅ አታስጽፉ።

በሳዑዲ ወይም በሌላ ዐረብ አገር ለምትሠራ እህት ወይም ሚስት የሚላከው ካርድ የራሱ ጥንቃቄ አለው። በስልክ በየሳምንቱ ታወሩ ይሆናል፤ ስልክ ግን ይሰበራል፣ ይጠፋል፣ በቀጣሪ እጅም ሊገባ ይችላል። ካርዱን ትራስ ሥር የሚገባ መጠን አድርጉት፤ የተለመደው ወረቀት ለአራት የታጠፈ ይበቃል። መስቀልና የሃይማኖት ጽሑፍ አታኑሩበት፤ ያለችበት ቤት አያውቅላት ይሆናል። ልጆች ካሏት እጃቸውን ወረቀቱ ላይ ዘርግተው ዙሪያውን ቀለም በነካ ስፖንጅ መታ መታ ያድርጉ፤ እጃቸው ራሱ ቅርጽ ማውጫ ይሆናል፣ ሲያነሡት ነጭ መዳፍ ይቀራል። ከሥሩ ዕድሜያቸውን ጻፉ። የቡና ቀለም ውሃ ሲነካው ስለሚለቅ ካርዱን በላስቲክ ጠቅልሉት፣ በሁለት ካርቶን መካከል አድርጉት፣ ለሚሄደውም ሰው በሻንጣ ሳይሆን በእጅ ቦርሳው እንዲይዘው ንገሩት።